በገዛ ወንበሩ የተኛው ሐኪም

አንድ የጥርስ ሐኪም ጥርሱን አመመው።

አትሳቁ። የጥርስ ሐኪምም ጥርስ አለው፤ እናንተ የክሊኒክ ባለቤቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ጥያቄው ሌላ ነው። የጥርስ ሐኪም ጥርሱን ሲያመው ወዴት ይሄዳል? በማን ፊት አፉን ይከፍታል?

ሰውየው ደሴ ውስጥ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ የራሱን ክሊኒክ ከፍቶ የሚሠራ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራበትን ትቶ በአንድ የሕክምና ወንበር ጀመረ፤ ዛሬ ሁለት ወንበር አለው። ከተማው “ትልቁ ዶክተር” ይለዋል። በቁመቱ እንኳ አይደለም፤ እኛ ጎረቤቶቹ አጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ሰላም ሲለን እናውቀዋለን። በእጁ ነው። እጁ የተባረከ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጉንጩን ይዞ ሲያቃስት ያደረ ሰው እሱ ዘንድ ገብቶ ሲወጣ ምሳ ምን እንደሚበላ ያስባል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራው ያለች ሲስተር አረጋሽ የምትባል ነርስ አለች። ሁለተኛው ወንበር ሲመጣ ደግሞ አንዲት ሐኪም ቀጠረ፤ እሷ ስትሄድ ሌላ ወጣት ሐኪም ተካ። ዶክተር ማህደር ትባላለች። መርጦ፣ አወዳድሮ፣ ከብዙዎች መካከል እሷን ነው የቀጠረው። ጎበዝ እንደሆነች ያውቃል። ይህን እንዳትረሱብኝ፤ ጎበዝ እንደሆነች ያውቃል።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ማህደር ሥራ ጀምራ፣ የሕመምተኛው አፍ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ በሩ ይከፈታል። እሱ ነው። በራሱ ክፍል ሌላ ሰው አፉን እንደከፈተ ትቶ ነው የመጣው።

“እስቲ ልየው” ይላል።

የአፍ መስታወቷን ከእጇ ይቀበላል። ጎንበስ ይላል። ያያል። “ጥሩ ነው፣ ቀጥይ” ይላል። መስታወቷን ይመልስላታል። ይሄዳል።

ክፉ ሰው ነው? አይደለም። ተሳደበ? አልተሳደበም። እንዲያውም “ጥሩ ነው” ነው ያለው። እሱ በልቡ እየረዳት ነው። ግን ወንበሩ ላይ የተኛው ሰው ምን ሰማ? “ጥሩ ነው” የሚለውን አልሰማም። የሰማው በሩ ሲከፈት ነው። የሰማው፣ ትልቁ ካላየው ሥራው እንደማይታመን ነው።

እናም ከተማው ተማረ። ሰው ምንም ሳይነገረው ይማራል። በጨርቅ ተራ የታወቁ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ነጋዴ አሉ። ጥርሳቸው ተነቃንቆ ሊወድቅ ደርሷል። ይመጣሉ፣ ካርድ ያወጣሉ፣ ወረፋው የማህደር መሆኑን ሲሰሙ ብድግ ይላሉ።

“ትልቁ እስኪመቸው ልመለስ” ይላሉ። “ጥርሴ እስከዛሬ ታግሶኛል፤ እኔም ትንሽ ልታገሰው።”

ይህን ሲሰማ ሐኪማችን ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ራሱን ይነቀንቃል፤ “ኧረ እሷም ጎበዝ ናት” ይላል። ውስጡ ግን ሞቅ ይለዋል። ማን ነው ስሙ ተጠርቶ ሲፈለግ የማይሞቀው? እኔ ነኝ የምትሉ እጃችሁን አንሡ። አየሁ፤ ማንም የለም።

ሙቀቱ ግን በነፃ አልመጣም። ጎንበስ ብሎ ሲውል አንገቱ ቀና ማለት እምቢ አለው። ሠርግ ሲጠራ የሚደርሰው ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፤ ወጥቶ ያነጋግራል፤ በዚያው ይሄዳል። ሁለት ወንበር ገዝቶ ሁለቱንም ብቻውን ሊሠራባቸው የሚሮጥ ሰው ሆነ። እኛም “ዶክተር፣ ከክፍል ወደ ክፍል የምትሮጥበት ብስክሌት አስገባ” እያልን እንቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማህደር ክፍሉ ገባች። ጓንቷን አውልቃለች።

“ዶክተር፣ ወሩ ሲያልቅ ልሄድ ነው።”

“ለዕረፍት?”

“ለሥራ። ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ይፈልገኛል።”

“ደመወዝ ከሆነ እንነጋገራለን።”

“ደመወዝ አይደለም።”

“ታዲያ ምን አጎደልኩብሽ?”

“ምንም አላጎደሉብኝም። ብዙ አስተምረውኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እዚህ ቤት እኔ ሐኪም አይደለሁም። እርስዎ እስኪመጡ ድረስ መስታወት ይዤ የምቆይ ሰው ነኝ።”

እሱስ ምን አለ? “የዛሬ ልጆች” አለ በልቡ። እሷ ከሄደች ሁለተኛው ወንበር ባዶ ይቀራል። ከዚያ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ሄዳለች፤ ያኔም “የዛሬ ልጆች” ብሎ ነበር። አሁን ግን አንገቱ እንደማይችል ያውቃል። ማህደር ከሄደች ክሊኒኩ ወደ አንድ ወንበር ይመለሳል፤ ያን ሁሉ ዓመት የገነባው ነገር በእሱ አንገት ልክ ያጥራል።

ጥርሱን ያመመውም በዚሁ ሰሞን ነው።

በታች በኩል፣ በስተኋላ። መጀመሪያ ችላ አለው። ቀጥሎ በአንድ ወገን ማኘክ ጀመረ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲሰጡት “ለብ አድርጉልኝ” ይል ጀመር። ባለቤቱ ምን ሆነህ ብትለው ጉንፋን ነው አለ። እስቲ አስቡት፤ የከተማው ጥርስ ሐኪም ጥርሱን ሲያመው ጉንፋን ነው ይላል።

አዲስ አበባ አብሮት የተማረ ጓደኛ አለው። “ለስብሰባ እሄዳለሁ” ብሎ እዚያ ታክሞ ሊመለስ አሰበ። ለሲስተር አረጋሽ ነገራት።

“ሐሙስ አልኖርም፤ አዲስ አበባ ስብሰባ አለኝ።”

ሲስተር አረጋሽ ዕቃ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

“የቱ ጥርስ ነው?” አለችው።

“የምን ጥርስ?”

“ሻዩን በግራ በኩል ብቻ ነው የሚጠጡት። ሳምንት ሆነዎት።”

“ትንሽ ነገር ናት። እዚያ ጓደኛዬ ያይልኛል።”

“ደግ። ሲመለሱ ግን ሰው ይሰማል።”

“ሰምቶ ምን ብሎ ነው የሚያማኝ?”

“ባለቤቱ የማይቀምሰውን ወጥ ለእኛ ያቀርባል ብሎ ነዋ።” ውሃውን ዘጋች። “ለእኔ አይደለም የምለው። እኔ ጡረታዬ ደርሷል። ለዚያች ልጅ ነው። እርስዎ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ እሷ ባሕር ዳር ደርሳለች።”

ኩርፊያ ቢጤ ያዘው፤ እሱ ግን “ሥራ በዝቶብኝ ነው” ይላል።

ሐሙስ አዲስ አበባ ሳይሄድ ቀረ፤ ሰኞ መጣ። ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፤ ገጠሩ ሁሉ ይወጣል፤ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። ጋሽ ሙሄም አሉ፤ እንደ ልማዳቸው “ትልቁን” ይጠብቃሉ። ሐኪማችን ከክፍሉ ወጣ። ጋዋኑን አውልቆ ሰቀለ። ካርድ ክፍል ሄደና በስሙ ካርድ አስወጣ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀልድ መስሏት “ዕድሜ?” አለችው። የምሩን ነገራት። ከዚያ መጥቶ ከጋሽ ሙሄ አጠገብ ተቀመጠ።

ጋሽ ሙሄ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

“ዶክተር፣ ምን ጠፋብህ እዚህ?”

“ወረፋ እየጠበቅሁ ነው።”

“የማንን ወረፋ?”

“የዶክተር ማህደርን።”

ጋሽ ሙሄ ዘወር ብለው አፉን አዩት።

“አንተም ጥርስ አለህ እንዴ?”

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሊስቅ ሞከረና ጉንጩን ያዘ። ያኔ ሰው ሁሉ እውነቱን መሆኑን አወቀ፤ ሳቁም ቆመ።

ተራው ደርሶ ገባ። ማህደር ስታየው ዕቃ ሊወስድ የመጣ መሰላት። ካርዱን ሰጣት። አነበበችው። ፊቷ ላይ ምን እንዳለፈ ሲስተር አረጋሽ ናት ያየችው፤ እሷም አልነገረችንም።

ወንበሩ ላይ ተኛ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያስተኛበት የኖረ ሰው መብራቱ ዐይን ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀው ያን ቀን ነው።

“ምን ሆኑ?” አለችው።

“ከፊት ሲቆጠር ስድስተኛዋ ጥርስ ናት። ከሥር ተቦርቡራለች፣ ነርቯ ተነክቷል፤ በመጀመሪያ —”

“ዶክተር” አለችው በቀስታ። “የሚያምዎትን ይንገሩኝ። ምን እንደሆነ የምነግርዎት እኔ ነኝ።”

እሱም እንደማንኛውም ሰው “ሙቅም ቀዝቃዛም አይችልም፤ ሲተኙበት ይብሳል” አለ።

በመስታወቱ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገቻቸው። ስድስተኛዋን ስትመታ ምንም የለም። የኋለኛዋን ስትመታ ከወንበሩ ተነሣ። ራጅ አነሣችው፤ አሳየችው። ስድስተኛዋ ጤነኛ ናት። የታመመችው ከኋላዋ ያለችው፣ ድሮ ተማሪ ሳለ ያስሞላት ጥርስ ናት።

ልብ በሉ። የሺህ ሰው አፍ ያየ ሐኪም ነው። የራሱን ግን ማየት አልቻለም። ስላልተማረ ነው? አይደለም። አፉ እሱ ላይ ስላለ ነው።

ማደንዘዣውን ወጋችው። “ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሡ” አለችው፤ ለሁሉም የሚባለውን አለችው። ማሽኑን አስነሣች። ሥራ ተጀመረ።

ወዲያው ግራ እጁ ተነሣ።

ማህደር ማሽኑን አቆመች። “አመመዎት?”

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። መናገር አይችልም፤ አፉ ሙሉ ነው። በጣቱ ወደ መብራቱ ጠቆመ። መብራቱ ዝቅ ይበል ሊል ነው። ሲያይ ሲስተር አረጋሽ ዝቅ አድርጋዋለች።

“ካላመመዎት እጅዎን ያውርዱ።”

አወረደ። ትንሽ ቆየና ደግሞ አነሣ።

“አመመዎት?”

አላመመውም። ምራቁን ምጠጡ ሊል ነበር። ቱቦው ግን ከንፈሩ ዳር ደርሶ እየመጠጠ ነው።

ሦስተኛ ሲያነሣ ማህደር አልጠየቀችውም። ሲስተር አረጋሽ እጁን ያዘችና ሆዱ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት፤ ሕፃን ሲተኛ እንደሚደረገው። “ይረፉ እንጂ” አለችው። “እኛ አለንልዎት።”

እናም የሚያደርገው ነገር ስላጣ ማየት ጀመረ።

ምን አየ? እጆች አየ። ከፊቱ በላይ፣ ከመብራቱ በታች፣ አራት እጆች። ማህደር እጇን ትዘረጋለች፤ የምትፈልገው ዕቃ እጇ ላይ አለ። አልጠየቀችም። አረጋሽ ጥጥ ታቀብላለች፤ የቆሸሸውን ትቀበላለች፤ አይጋጩም። አንዷ ስትቆም ሌላዋ ትቆማለች። ደግሞ ማህደር ዕቃዋን የምትይዝበት አያያዝ፣ ትንሿን ጣት ጤነኛው ጥርስ ላይ አሳርፎ መሥራት፣ የራሱ አያያዝ ነው። እሱ ነው ያስተማራት። ነገር ግን ከርሱ ይልቅ ቀለል አድርጋዋለች።

ስንት ዓመት እዚህ ቤት ሠርቷል? ይህን ግን አይቶት አያውቅም። ለምን? በሩን ከፍቶ ሲገባ ሥራው ይቆማላ። እሱ ባለበት ሰዓት ሁሉ እነሱ የቆሙ ናቸው። ሲሠሩ ሊያያቸው የሚችልበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ላይ ነው።

ከዐይኑ ጥግ ውሃ ወረደ።

ማህደር ማሽኑን አቆመች። “አመመዎት?”

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። እጁን አላነሣም። አረጋሽ በጥጥ ጠረገችለትና ሥራው ቀጠለ።

ሲያልቅ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ ወጣ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ያያል። ጋሽ ሙሄ “እህ?” አሉት።

ትልቅ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር። አፉ ግን እሺ አላለውም። በተጣመመ አፉ፣ ምላሱ እየተወላገደ፣ አንድ ነገር ብቻ አለ።

“የኔ ሐኪም ናት።”

“ምን አለ?” አለች ከጫፍ የተቀመጠች ሴትዮ።

“የኔ ሐኪም ናት አለ” አሉ ጋሽ ሙሄ። ጥቂት አሰቡ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ተነሡ። “በል እንግዲያ፣ ለአንተ ከሆነች ለኔስ ማን ከለከላት።” ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መሰላችሁ? አላለቀም። ሰው ስለታከመ ብቻ አይለወጥም።

ጋሽ ሙሄ በገቡ በትንሽ ጊዜ ውስጥ እግሩ ብድግ አድርጎ ወሰደው። ራሱን ያገኘው የማህደር በር ላይ፣ እጁ እጀታው ላይ ነው። በሩ ስስ ነው፤ ውስጥ የሚባለው ይሰማል።

“የኔ ልጅ፣ ትልቁ መጥቶ አያየውም?” ይላሉ ጋሽ ሙሄ።

ማህደር በሩን የምትጠብቅ መሰለው። እንዲከፈት፣ እንደ ሁልጊዜው።

“አይመጡም” አለች። “ዛሬ የማየው እኔ ነኝ።”

“አብሽሪ፣ አይዞሽ” አሉ ጋሽ ሙሄ። “እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው።”

እጁን ከእጀታው ላይ አነሣ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ ሰው ስንት ከባድ ጥርስ ነቅሏል። ከሁሉ የከበደው ያን እጁን ከዚያ እጀታ ላይ ማንሣት ነበር። ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና እንደ አስታማሚ ጠበቀ። ጋሽ ሙሄ ጥጥ ነክሰው ሲወጡ ምንም አልተናገሩም፤ በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙና አውራ ጣታቸውን አሳዩት።

ማምሻውን ክሊኒኩ ሲዘጋ ማህደር ቦርሳዋን ይዛ ክፍሉ መጣች።

“ባሕር ዳር ደውዬ ነበር” አለችው።

“ምን አልሻቸው?”

“ሕመምተኛ ጀምሬያለሁ፣ ሳልጨርስ አልንቀሳቀስም አልኳቸው።”

“የትኛው ሕመምተኛ?”

“እርስዎ ነዎታ። ዛሬ ነርቩን አጽድቼ በጊዜያዊ ነው የዘጋሁት። የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለዎት።”

“ከዚያስ በኋላ?”

“ከዚያ በኋላ የጋሽ ሙሄ የላይኛው አለ። ሚስታቸውንም አመጣለሁ ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ቤታቸው ሰው ብዙ ነው።” በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። “ግን ዶክተር፣ በሩን ያንኳኳሉ።”

“አንኳኳለሁ” አለ።

ያንኳኳል። የሚያሳስበው ነገር ሲኖር ሕመምተኛው እስኪወጣ ይጠብቅና ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ራጁን ያያሉ። እሷም የከበዳት ጊዜ ራሷ መጥታ ትጠራዋለች፤ ስትጠራው በሰው ፊት “እስቲ እንመካከር” ትለዋለች። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ሁለት ሐኪም ያገኘ ሰው ይሆናል። በፊት ግን ግማሽ ሐኪም ነበር የሚያገኘው።

አሁን ደግሞ ሌላ መከራ መጣብን። ይህ ሰው ጊዜ አግኝቷል፤ ሠርግ ላይ ድንኳኑ ሳይፈርስ ይደርሳል። ደርሶ ምን ያደርጋል? ቆሎ ይዘግናል፤ በዚያች ጥርስ፣ ሰው እያየው፣ ቀጭ ያደርጋል። “የማህደር ሥራ ናት” ይላል። ያልጠየቀውን ሰው አፉን ከፍቶ ያሳያል። ሙሽሮቹን ትተን የእሱን መንጋጋ እናያለን። እንዲህ የሚኮራ ሰው ከየት መጣ? ድሮ በራሱ ሲኮራ እንኳ እንዲህ አልነበረም። በራሱ ሲኮራ ድካም ነበረበት። አሁን በሌላ ሰው እጅ ሲኮራ አንገቱ ቀና ብሏል።

እናንተስ?

እናንተ በየከተማው የራሳችሁን ክሊኒክ የከፈታችሁ፣ ስማችሁን በታፔላ ያወጣችሁ፣ እግዚአብሔር እጃችሁን የባረከላችሁ፤ እናንተስ? ባለፈው ሳምንት የማንን መስታወት ከማን እጅ ተቀበላችሁ? በማን ፊት? ወንበሩ ላይ የተኛው ሰው ምን የሰማ ይመስላችኋል?

ሥራ አትቆጣጠሩ አላልኩም። ቤቱ የእናንተ ነው፤ ቢበላሽ የሚጠየቀው የእናንተ ስም ነው። ማስተማር አለባችሁ፤ ማረምም አለባችሁ። ግን የምታርሙት ማንን ነው? ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ለብቻዋ የነገራችኋት ልጅ ነገ ትሻሻላለች። በሕመምተኛዋ ፊት መስታወቷን የነጠቃችኋት ልጅ ነገ ባሕር ዳር ናት። ከዚያ ተቀምጣችሁ “ሰው አይገኝም” ትላላችሁ። ሰው ነበር። አግኝታችሁ ነበር። መርጣችሁ፣ አወዳድራችሁ ነበር የቀጠራችሁት።

ክሊኒክ የሌላችሁም አታምልጡኝ። ልጇ የሠራችው ወጥ ላይ እንግዳ ፊት ጨው የምትጨምር እናት፣ አንቺንም ነው። ጋራዥ ያለህ፣ ሠራተኛህ ያሰረውን ቡሎን ደንበኛ ፊት ደግመህ የምታጠብቅ፣ አንተንም ነው። መዘምራን የምትመራው፣ ሁሉንም ዜማ ራስህ የምትቀበል፣ አትደበቅ፤ ከዚህ ትታየኛለህ።

እግዚአብሔር ለአንድ ሰው ሁለት እጅ ብቻ ሰጠው። አራት ሊሰጠው አቅቶት ነው? አይደለም። የቀሩትን ሁለቱን ጎረቤቱ ላይ አስቀመጠለት፤ ሄዶ እንዲለምን፣ ሲያገኝም እንዲያከብር።

ነገ ጠዋት ቤታችሁን ስትከፍቱ አንድ ነገር አድርጉ። እስከዛሬ “ከትልቁ በቀር” የሚል አንድ ሰው ከደጃችሁ አይጠፋም። በስሙ ጥሩት። አብራችሁት እስከ በሩ ሂዱ። “ይህቺ እኔንም የምታክመኝ ሐኪም ናት” በሉት፤ ደግሞ እውነት ይሁን፤ ሳትታከሙ አትበሉት። እሱን አስገቡና እናንተ ውጭ ቅሩ። ውጭ ስትቀሩ ልባችሁ ይመታል። ይምታ። ትንሽ ታገሡት፤ ወጥቶ ሲስቅላችሁ እኮ ያ ሳቅ የቤታችሁ ሥራ ነው፤ የእናንተም ድርሻ አለበት።

ይህን ኩራት እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን። አሜን።